ጌጅ ስንት ነው? አንድ ቃል በቆርቆሮ ቤት፣ በጎሚስታ፣ በጤና ጣቢያ

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በአንድ ጠዋት «32» የሚለውን ቁጥር ሁለት ቦታ መስማት ይቻላል። ቆርቆሮ ሻጩ «ይሄ ባለ 32 ጌጅ ነው» ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ደግሞ የንፋስ ጌጁን እያየ «32 ሞልቼዋለሁ» ይላል። የቆርቆሮው 32 ወደ 35 ቢያድግ ዕቃው ይሳሳል፤ የጎማው 32 ወደ 35 ቢያድግ ጎማው ይጠጥራል። ጤና ጣቢያ ሲገባ ነርሷ «18 ጌጅ አምጪ» ብትል፣ ያ 18 ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው 18 ጋር ስሙ እንጂ ውፍረቱ አይገጥምም። ቃሉ አንድ ነው፣ ሥራው ግን እንደየሙያው ሌላ ነው። ገንዘብ የሚባክነው፣ ሽቦ የሚቃጠለው፣ ጣራ የሚነቀለውም ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ሳይጠይቁ በማለፍ ነው።

ጌጅ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንግሊዝኛውም ከፈረንሳይኛ የተዋሰው ሲሆን፣ ድሮ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ስንት እንዳለ ዘንግ አስገብተው የሚለኩና ቀረጥ የሚተምኑ ሰዎች ነበሩ፤ ቃሉ የእነሱ የሥራ ቃል ነበር። እንግዲህ ፍቺው ከመነሻው «ልክ»፣ «መስፈሪያ» ነው። ኋላ እያንዳንዱ ሙያ የራሱን መስፈሪያ ሲያበጅ ሁሉም በዚያው ስም ጠራው። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር እንደማይገጥም ያህል ነው። «አንድ ቁና» ከማለት በፊት የየት ገበያ ቁና እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጌጅም እንዲሁ ነው።

ቁጥሩ ሲያድግ ዕቃው ለምን ይሳሳል?

ይህ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ነው፤ መልሱ ያለው ግን ሽቦ ከሚሠራበት ቦታ ነው። ብር አንጥረኛ የብር ክር ሲያወጣ ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ እየጠበቡ በሚሄዱበት የብረት ሳህን ውስጥ ብሩን እየሳበ ያሳልፈዋል። የፋብሪካ ሽቦም በዚሁ መንገድ ነው የሚቀጥነው። ወፍራሙ ዘንግ በመጀመሪያው ቀዳዳ ሲያልፍ ቁጥር 1፣ ቀጥሎ በጠበበው ሲያልፍ ቁጥር 2 እየተባለ ይቆጠራል። ቁጥሩ የሚነግረን ውፍረቱን ሳይሆን ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተሳበ ነው። ብዙ የተሳበ ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ቀጭን ሽቦ ማለት ሆነ።

ችግሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀዳዳ ስለነበረው የአንዱ ቁጥር 10 ከሌላው ቁጥር 10 ጋር አይመሳሰልም ነበር። አሜሪካኖች በ1857 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ሠንጠረዥ አወጡ፤ እንግሊዞች ደግሞ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጋዊ የሆነ ሌላ ሠንጠረዥ አጸደቁ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ናቸው። በእንግሊዙ 10 ጌጅ ሽቦ 3.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአሜሪካው 10 ጌጅ 2.59 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጅ ሲነገር ጠቃሚው ጥያቄ «በሚሊ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ሚሊ የየትም ገበያ ቁና አይደለም።

ቆርቆሮ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጣራ ከሦስት ነገር ጋር ይታገላል፤ ከነፋስ፣ ከበረዶና ከውርጭ። ስለዚህ የቆርቆሮ ጌጅ እዚህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ገበያ ላይ የሚሰሙት 28፣ 30፣ 32 እና 35 ናቸው። በእንግሊዙ ሠንጠረዥ 28 ጌጅ 0.376 ሚሊ ሜትር፣ 30 ጌጅ 0.315፣ 32 ጌጅ 0.274፣ 35 ጌጅ 0.213 ሚሊ ነው። በአሜሪካው የዚንክ ቆርቆሮ ሠንጠረዥ ደግሞ 28 ጌጅ 0.475፣ 30 ጌጅ 0.399 ነው። ልብ በሉ፤ የአሜሪካው 30 ከእንግሊዙ 28 ይወፍራል። ሁለት ሻጮች ሁለቱም እውነት እየተናገሩ «30 ነው» ሊሉ ይችላሉ፣ ቆርቆሮው ግን የተለያየ ነው። አምራቹም የራሱን ሠንጠረዥ ሊከተል ስለሚችል ከጌጁ ቁጥር ይልቅ ደረሰኙ ላይ ሚሊ ሜትሩ እንዲጻፍ ማድረግ ይሻላል።

ሚሊውን ራስን ችሎ ማረጋገጥም ይቻላል። ማይክሮሜትር ያለው ሰው ቆርቆሮውን ከተቆረጠበት ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርጎ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ሦስት ቦታ ይለካል። ጠርዙ ላይ መቀሱ የተወው ሹል ስላለ እዚያ መለካት ያሳስታል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙም አብሮ ይለካል። ዚንኩም ቢሆን ውፍረት አለው፤ በካሬ ሜትር በሁለቱም ፊት በድምሩ 275 ግራም ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ ላይ ዚንኩ ብቻውን 0.04 ሚሊ ገደማ ይይዛል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ዝገትን የሚከላከለው እሱ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ከሥሩ ያለው ብረት ነው።

ማይክሮሜትር ከሌለ ሚዛን ይበቃል። ብረት አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ውፍረት ኖሮት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ቆርቆሮው የታጠፈ ስለሆነ ወርዱን በሜትር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ መለካት አይሠራም፤ ሲባጎ ወስዶ በእያንዳንዱ ጉብታና ሸለቆ ላይ እያስኬዱ መለካት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሲባጎው 91.4 ሳንቲ ሜትር ቢያሳይና የቆርቆሮው ርዝመት 2 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 1.83 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህ በ7.85 ሲባዛ 14.35 ይሆናል። ቆርቆሮው ሚዛን ላይ 4.3 ኪሎ ከመዘነ 4.3ን ለ14.35 ማካፈል ነው፤ መልሱ 0.30 ሚሊ ነው። አንዱን ብቻ ከመመዘን አሥሩን አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል ይበልጥ ይታመናል፤ የሚዛኑ ስሕተትም ይከፋፈላል።

ከ0.4 ወደ 0.2 ሚሊ መውረድ ምን ያሳጣል? የቆርቆሮው እጥፋት ቅርጹ አንድ ሆኖ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ከሞራሌ (ቆርቆሮው ከሚመታበት አግዳሚ እንጨት) እስከ ሞራሌ ያለው ጥንካሬው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ነጥብ ሲመታ፣ ማለትም በበረዶ ወይም በአናጺ ተረከዝ፣ የመቋቋም አቅሙ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ ሰው ሲወጣ ሞራሌ ባለበት መሥመር ላይ ብቻ መርገጥ አለበት። በ28 ጌጅ 90 ሳንቲ ሜትር ይራራቅ የነበረ ሞራሌ 35 ጌጅ ሲገዛ ወደ 60 መጠጋት ይኖርበታል። በቆርቆሮው የቆጠቡት ገንዘብ እንጨት ላይ ይወጣል፤ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው።

ነፋስ ጣራን የሚነቅለው ከላይ ገፍቶ ሳይሆን ከሥር አንሥቶና ከላይ ስቦ ነው። ጉልበቱ የሚበረታው በዳርቻው፣ በማዕዘኖቹና በኮልሞው (በጣራው አናት) አካባቢ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ላይ ሚስማሩ ሳይነቀል ቆርቆሮው ራሱ በሚስማሩ ራስ ዙሪያ ይቀደዳል። ስለዚህ በዳርቻው ላይ ሚስማር ማብዛት፣ ከሥሩም ሰፋ ያለ ጎሚኒ ማድረግ ያስፈልጋል። ሚስማሩ የሚመታው ውኃ በሚሄድበት ሸለቆ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው፤ ጉብታውን እስኪያጎብጥ ድረስ ግን አይመታም። በርካታ የሚያንጠባጥቡ ጣራዎች ላይ ጥፋቱ የጌጁ ሳይሆን የመዶሻው ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦ

የቤት ሽቦ እኛ ዘንድ የሚሸጠው በካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ እዚህ ላይ ግርታው ያነሰ ነው፤ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ወይም 6 ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይወፍራል። ጌጅ የሚመጣው በተዘጋጁ የኤክስቴንሽን ገመዶች ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ላይ 18 ወይም 16 ተብሎ በአሜሪካው ሠንጠረዥ ይጻፋል። «18 ከ16 ይበልጣል» ብሎ 18ቱን የመረጠ ሰው ቀጭኑን ነው የወሰደው። በአሜሪካው ልክ 18 ጌጅ 0.82፣ 16 ጌጅ 1.31፣ 14 ጌጅ 2.08፣ 12 ጌጅ 3.31 ካሬ ሚሊ ነው። ለቃል ጥናት የሚመች ሕግም አለው፤ ጌጁ በ3 ሲቀንስ የሽቦው ስፋት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 18 ጌጅ ኤክስቴንሽን ላይ ቢሰካ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 20 ሜትር ይሆናል። በመንገድ ላይ ከ6 እስከ 7 ቮልት ይጠፋል፤ ወደ 107 ዋት ያህል ኃይልም ገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ገመዱ ተዘርግቶ ከሆነ ይሞቃል፤ ተጠቅልሎ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ብሬከሩ ደግሞ ላያጠፋው ይችላል፤ እሱ የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ እንጂ ኤክስቴንሽኑን አይደለም። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ገመድ ከላይ የመዳብ ቀለም ቢኖረውም ውስጡ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፍቆ ነጭ ከታየ፣ ጌጁ ትክክል ቢሆንም የመሸከም አቅሙ ከመዳቡ በእጅጉ ያንሳል።

መርፌና ካኑላ

የሕክምና መርፌ ጌጅም ከሽቦው ወገን ነው፤ ከዱሮ የእንግሊዝ ሽቦ ሠንጠረዥ የወረሰው ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው የውጪውን ውፍረት ነው። 18 ጌጅ 1.27 ሚሊ፣ 21 ጌጅ 0.8 ሚሊ፣ 23 ጌጅ 0.6 ሚሊ፣ 25 ጌጅ 0.5 ሚሊ ነው። የኤሌክትሪኩ 18 ጌጅ ደግሞ 1.02 ሚሊ መሆኑን ስታስቡ «18 ጌጅ» ብቻውን ምንም እንደማይነግር ትረዳላችሁ።

ቀጭን መርፌ አያምም በሚል ሁልጊዜ ቀጭኑን መፈለግ አይቻልም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለልብ ሕሙማን በየወሩ የሚወጋው ነጭ መድኃኒት፣ ጥቃቅን ፍሬ ያለው ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ በቀጭን መርፌ ውስጥ ይደፈናል፤ 21 ጌጅ የሚመረጥለት ለዚህ ነው። ደም ለምርመራ ሲወሰድም በጣም ቀጭን መርፌ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎቹ እየተፋተጉ ይፈርሳሉ፣ ውጤቱም ይዛባል። በሌላ በኩል ለሕፃናት የቢሲጂ ክትባት ቆዳ ውስጥ ብቻ የሚገባ 0.05 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 26 ጌጅ አጭር መርፌ ያስፈልገዋል።

ግሉኮስ የሚገባበት ካኑላ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ምክንያቱም በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን የሚወሰነው በቱቦው የውስጥ ዲያሜትር (የቀዳዳው ወርድ) አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። ቀዳዳው እጥፍ ሲሰፋ ፈሳሹ 16 እጥፍ ይሆናል። 24 ጌጅ ካኑላ በደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያሳልፍ 18 ጌጅ ከ80 እስከ 105 ያህል ያሳልፋል። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈስሳት እናት ላይ 16 ወይም 18 ጌጅ፣ ያውም በሁለቱም እጅ የሚገባው ለዚህ ነው። ለጀማሪ የጤና ባለሙያ አንድ ማሳሰቢያ፦ የመርፌው ቀለምና የካኑላው ቀለም አንድ ሥርዓት አይከተሉም። 18 ጌጅ መርፌ ሮዝ ነው፤ 18 ጌጅ ካኑላ ግን አረንጓዴ ነው። ሮዝ ካኑላ 20 ጌጅ ነው። አረንጓዴ መርፌ ደግሞ 21 ነው። «አረንጓዴውን አቀብለኝ» ከማለት ቁጥሩን መጥራት ይሻላል።

ሹራብ

ብርድ ባለበት አገር ሹራብ ሥራ ስለማይጠፋ ይህንንም እንይ። በማሽን ሹራብ ጌጅ ማለት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የተደረደሩ መርፌዎች ብዛት ነው። 7 ጌጅ ማሽን ወፍራም ሹራብ ይሠራል፣ 12 ጌጅ ሳሳ ያለውን፣ ከ24 እስከ 28 ጌጅ ያለው ክብ ማሽን ደግሞ የካናቴራ ጨርቅ ያወጣል። እዚህም ቁጥሩ ሲያድግ ጨርቁ ይሳሳል፤ ምክንያቱ ግን ከሽቦው ጋር አይገናኝም። እዚያ የመሳብ ቆጠራ ነው፤ እዚህ መርፌዎቹ ሲበዙ ጠጋ ጠጋ ስለሚሉ ነው። ወፍራም ክር በ12 ጌጅ ማሽን ላይ ከተጫነ መርፌ ይሰብራል። ቀጭን ክር በ7 ጌጅ ከተሠራ ጨርቁ ወንፊት ይሆናል፣ ከአንድ አጠባ በኋላም ቅርጹን ይለቃል።

በእጅ ሲሠራ ጌጅ ማለት በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንዳለ መቁጠር ነው። 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ይሠራል፣ ይታጠባል፣ ሳይወጠር ይደርቃል፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ይቆጠራል። ዳሩ ስለሚጠቀለል አይቆጠርም። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ይታያል። ደረቱ 96 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የታሰበ ሹራብ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት ተብሎ ከተሰላ 211 ቀለበት ያስፈልገዋል። የሠሪው እጅ ለቀቅ ብሎ 20 ብቻ ከወጣ፣ እነዚያው 211 ቀለበቶች 105 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለአባት የታሰበው ለአጎት ይሆናል። የመንዝ በግ ጸጉር በእንዝርት ሲፈተል ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ናሙናውን ሦስት ቦታ ቆጥሮ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

የአደን ጠመንጃ ጌጅም አለ፤ እሱ ከሁሉም ይገርማል። 12 ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ እኩል 12 ድቡልቡል ጥይት ቢሠራ አንዱ በአፈሙዙ ልክ ይገባል ማለት ነው፤ ወደ 18.5 ሚሊ ይመጣል።

የግፊት ጌጅ፤ ጣርማበርን ሲሻገሩ

አሁን ከቁጥር ወደ መሣሪያ እንምጣ። በጎሚስታ እጅ ያለው ጌጅ ዕቃ ሳይሆን ዓይን ነው፤ የሚያየው ግን ሁሉንም አይደለም። የጎማ ጌጅ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ሳይሆን ከውጪው አየር የሚበልጥበትን ልክ ብቻ ነው። ክፍት ጎማ ላይ ዜሮ የሚያነበው አየር ስለሌለ አይደለም፤ የውስጡና የውጪው እኩል ስለሆነ ነው። ቆላ ለሚኖር ሰው ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ሾፌር ግን የዕለት ጉዳይ ነው።

በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ፤ የጎማው 32ም በዚሁ ነው) ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 10.4 ያህል ነው፣ 3,200 ሜትር በሚጠጋው ጣርማበር 9.9፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ 12.6 ነው። ሒሳቡን እንከተለው። ጠዋት በ8 ዲግሪ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ጎማው 32 ተሞላ። ጠቅላላው 32 ሲደመር 10.4፣ ማለትም 42.4 ነው። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ሸዋ ሮቢት ላይ ጌጁ 42.4 ሲቀነስ 12.6፣ ማለትም 30 ገደማ ባነበበ ነበር፤ አንዲት ትንፋሽ ሳትወጣ ማለት ነው። ነገር ግን ቆላው ይሞቃል፣ ጎማውም በጉዞና በፍሬን ይግላል። በጎማው ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ከደረሰ ጌጁ 36 ያህል ያነባል።

ጥፋቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ «ጠጥሯል» ብሎ በትኩሱ ወደ 32 ያስተነፍሰዋል። መኪናው ወደ ላይ ተመልሶ በማግሥቱ ጠዋት በ8 ዲግሪ ሲለካ 28 ገደማ ሆኖ ይገኛል። የጎማው ዳርና ዳር እየተበላ መሐሉ የሚቀረው፣ ነዳጁም የሚጨምረው ከዚህ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ጎማ የሚለካው በቀዝቃዛው፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ መኪናው በሚውልበት ከፍታ ነው። ትኩስ ጎማ አይተነፈስም። 100 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞላ የጭነት መኪና ላይ የከፍታው 2 እና 3 ነጥብ ብዙም አይታይም፤ የቤት መኪናና ባጃጅ ላይ ግን ይታያል።

የጌጁ ፊት ሁለት ቁጥር ካለው አንዱ ባር ነው፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ስለሆነ 2.2 ባርና 32 አንድ ናቸው። ጌጁ ራሱም ይዋሻል። አንዴ ከእጅ የወደቀ ጌጅ ቀስቱ ወደ ዜሮ መመለሱ መታየት አለበት፤ 2 ላይ ቆሞ ከቀረ የሚያነበው ሁሉ በ2 የተጋነነ ነው።

የራዲያተር ክዳንም ከዚሁ ትምህርት የሚወጣ ነገር አለው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው በባር የሚነበብ የጌጅ ግፊት ነው፤ ከውጪው አየር በ0.9 እስኪበልጥ ድረስ አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ ጣርማበር አናት ላይ ውኃው የሚፈላው 113 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎሚኒው ካረጀና ግፊቱን ካልያዘ ግን ውኃው እንደ ድስት ውኃ በ89 ወይም በ90 ዲግሪ ይፈላል። ሞተር በደህና ጊዜው የሚሠራው እዚያው ሙቀት ላይ ነው። ስለዚህ ክሩስኮት ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ ቀስት መሐል ላይ ሆኖ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ፣ መኪናው ውኃ ይተፋል። ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት ይለወጣል፣ ራዲያተር ይታጠባል፤ ጥፋተኛው ግን ርካሹ ክዳን ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ደግሞ ፊት የሚያቃጥል ነገር ነው፤ የታፈነው ውኃ ግፊቱ በለቀቀበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

በጋራዥ ውስጥ ሌሎችም አሉ። ፊለር ጌጅ እንደ ቢላ ዘለላ የታሰሩ ቀጫጭን ብረቶች ነው፣ በየአንዳንዱ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ተጽፏል። የካንዴላ ክፍተት ወይም የቫልቭ ልክ ሲታይ ብረቱ ሲገባ ላላ ብሎ ከተንሸራተተ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ እንደ ወፍራም ወረቀት ትንሽ እየያዘ ከወጣ ልኩ ነው። የነዳጅ ጌጅ ደግሞ ሰልባቲዮ ውስጥ በተንሳፋፊ የሚሠራ ስለሆነ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያሳየውን ማመን አይገባም፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው የሚነበበው።

ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ውስጥም ጌጅ አለ ቢባል ብዙ ነጋዴ ይገረማል። ከሳህኑ ሥር ባለው ብረት ላይ የተለጠፈ ፀጉር የመሰለ የብረት ጥልፍ ነው፤ ብረቱ በጭነት ጥቂት ሲለጠጥ ጥልፉ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል፣ ያም ወደ ኪሎ ይተረጎማል። የሚለካው የመሬትን ስበት ስለሆነ አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ ዳግም ካልተስተካከለ በኪሎ 3 ግራም ያህል ያጎድላል፤ የምድር ወገብ ቅርበትና ከፍታው ስበቱን ያሳሳዋል። በኩንታል ገብስ 300 ግራም ነው። በድንጋይ የሚመዘን የድሮ ሚዛን ይህ ችግር የለበትም፤ ድንጋዩም አብሮ ስለሚቀል።

የባቡር ጌጅ አጭር ነገር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። የድሮው የጅቡቲ መሥመር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመርና ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ እንዲዘረጋ የተሠራው 1,435 ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ላይ አይሄድም፤ ነገሩ በቃ ይሄው ነው።

የዝናብ ጌጅ

ይህ አርሶ አደር በቤቱ ሊሠራው የሚችለው ብቸኛው ጌጅ ነው። 1 ሚሊ ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ዕቃ ሁሉ፣ አፉ ሰፋም ጠበበም፣ ልክ ነው፤ አፉ ሲሰፋ የሚገባውም የሚሞላውም እኩል ይሰፋል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ትከሻው ላይ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አናት ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባል፤ ይህ ትነትን ይቀንሳል። የሃይላንድ መቀመጫ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ጥቂት ሲሚንቶ አፍስሶ ደልዳላ ማድረግ፣ ዜሮውን ከዚያ በላይ መጀመር ያስፈልጋል። ከዛፍና ከቤት ቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ርቆ፣ ከመሬት ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይተከላል፤ ከመሬት የሚረጭ ጠብታ እንዳይገባበት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበባል፣ ይጻፋል፣ ይደፋል። በረዶ ከወረደ እስኪቀልጥ ይጠበቃል።

ከዚያ በኋላ የቆርቆሮው ጣራና የዝናቡ ጌጅ ይገናኛሉ። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ከዘነበ 800 ሊትር ወርዷል። የጣራው ስፋት የሚወሰደው ከላይ ቀጥታ ሲታይ በመሬት ላይ በሚሸፍነው ነው፤ ተዳፋቱ አይቆጠርም። ከሚረጨውና በአሸንዳ ከሚፈስሰው አምስተኛው ቢባክን በርሜል የሚገባው 640 ሊትር ነው፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዙ ሦስት በርሜሎች ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ የወረደ የመጀመሪያው ዝናብ ግን ፋብሪካው የተወውን ቅባትና ዚንክ ስለሚያጥብ ወደ በርሜሉ ሳይገባ ይደፋል።